የሙያ ፈቃዳችሁን ሳታበላሹ ሥራ ለማቆም፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ራስ ምታት ይዞኝ ነበር። ከሚኒባስ ወርጄ መንገድ ዳር ካለች መድኃኒት ቤት ፓራሲታሞል ልገዛ ገባሁ። ሳንቲም እየለቃቀምኩ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ራሴን አየሁት። የድሮ ፎቶዬ ነው። የሙያ ፈቃዴ ቅጂ ላይ እንደተለጠፈ፣ ባለመስታወት ፍሬም ውስጥ። እዚያ ቤት ሥራ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ አላወቀኝም።

«ባለሙያዋ የለችም?» አልኩት።

«ምሳ ወጥታ ነው፤ አሁን ትመጣለች።»

ስምንት ወር ሙሉ ምሳ እየበላሁ ነበር ማለት ነው።

የቤቱን ስም አልጠራም። ጥፋቱም ግማሹ የኔው ነው። ስለቅ ከባለቤቱ ጋር ቡና ጠጥተን፣ ተመራርቀን፣ ተጨባብጠን ነው የተለያየነው። ወረቀት አልሰጠሁም፣ ወረቀትም አልተቀበልኩም። በኋላ ሌላ ቦታ ልቀጠር ማስረጃዬን ሳስገባ ፋይሉን የያዙት ሴትዮ አገላብጠው አይተው «እህቴ፣ አንቺ እኮ አሁንም እዚያ ነሽ» አሉኝ። ያንን ለማስተካከል የፈጀብኝ ጊዜ መጀመሪያ ፈቃዱን ለማውጣት ከፈጀብኝ ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ የራሴን መድኃኒት መደብር ከፍቼ ነበር። እናቴ ስትታመም ደግሞ ዘጋሁት። ሁለተኛውን ጊዜ በወረቀት ነው የዘጋሁት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሁለተኛው ጊዜ ማስታወሻ ነው። የተጻፈው ለፋርማሲ ባለሙያ ነው። ክሊኒክ ወይም ላቦራቶሪ ያላችሁም አብዛኛውን ትጠቀሙበታላችሁ።

ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ቢሮ

አሜሪካ ነርስ ሆና የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለች። ስትወልድ ፈቃዷን «ኢንአክቲቭ» አስደረገችው። በብዙዎቹ የአሜሪካ ስቴቶች እንዲህ ያለ ደረጃ አለ። ፈቃዱ አይሰረዝም፤ ግን አይሠራበትም። ስትመለስ የጎደለውን ሥልጠና አሟልታ ታስከፍተዋለች። እሷ ስትነግረኝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው የሚመስለው። እኛ ጋ ነገሩ በአንድ ፎርም አያልቅም። የተበታተነ ነው፤ የምትሰበስቡትም እናንተው ናችሁ።

የመድኃኒት መደብር ባለቤትም ባለሙያም የሆነ ሰው ሦስት ወረቀት አለው። አንደኛው የሙያ ፈቃዱ ነው፤ ይህ የራሱ የሰውየው ነው፤ የትም ቢሄድ ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛው የብቃት ማረጋገጫው ነው፤ ይህ የቤቱ ነው። ያቺ ክፍል፣ ያ መደርደሪያ፣ ያ ማቀዝቀዣ፣ ያ ባለሙያ ተሟልተዋል ብሎ የጤና ቁጥጥሩ የሰጠው። ሦስተኛው ንግድ ፈቃዱ ነው፤ ከቲን ነምበሩ (ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ) ጋር የተሳሰረው። ብዙ ሰው ሦስቱን አንድ ላይ «ላይሰንስ» ይላቸዋል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። «ላይሰንሴን መለስኩ» ይላችኋል፤ የቱን? ሲባል ያኔ ይደነግጣል።

ሥራ ስታቆሙ የሙያ ፈቃዱ አይመለስም፤ ይጠበቃል። የብቃት ማረጋገጫው ይመለሳል። ንግድ ፈቃዱ ከግብር ከጸዳ በኋላ ይመለሳል። ይህን ካወቃችሁ ሌላው መመላለስ ብቻ ነው። መመላለሱ ግን አለ፤ አልዋሻችሁም።

ተቀጣሪ ብቻ ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። «ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ» ወደሚለው ዝለሉ። ግን የሙያ ፈቃዱን ክፍል ሳታነቡ አትሂዱ።

ለስንት ጊዜ ነው የምታቆሙት?

መዝጋት ሁሌም መልሱ አይደለም። ለወሊድ ወይም ለሦስት አራት ወር ሕክምና ከሆነ ቤቱን አትዝጉት። ፈቃድ ያለው ተተኪ ባለሙያ ፈልጉ፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ስሙን በፋይሉ ላይ አስቀይሩ። ሲመለሱ መልሶ ማስቀየር ቀላል ነው። እንደገና ቤት አሳይቶ የብቃት ማረጋገጫ ማውጣት ግን ብዙ ወጪና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል።

ከአንድ የበጀት ዓመት በላይ ከሆነ ዝጉት። ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪ ልትማሩ ከሆነ፣ ውጭ ልትሄዱ ከሆነ፣ ወይም እንደኔ መመለሻው ቀን የማይታወቅ የቤተሰብ ጉዳይ ከገጠማችሁ። «እስቲ ትንሽ ልየው» እያሉ የተዘጋ ቤት ላይ ንግድ ፈቃድ ማሳደስ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ቀን መምረጥ

ዓመቱ በኛ ሰኔ 30 ያልቃል። ንግድ ፈቃድም ግብርም የሚቆጠረው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ መዝጊያ ቀናችሁን ሰኔ 30 አድርጉት። ሒሳቡ በአንድ ዓመት ይዘጋል። ነሐሴ ላይ ከዘጋችሁ ግን ለሁለቱ የአዲሱ ዓመት ወራት ብቻ ሌላ ሒሳብ ታቀርባላችሁ። ንግድ ፈቃዱ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ይህን ቀን ሰው «ገና ስድስት ወር አለኝ» ብሎ ይተኛበታል። ሊዘጋ ለወሰነ ሰው ግን እረፍት አይደለም፤ ምክንያቱም አዲሱ ዓመት ሐምሌ 1 መቁጠር ጀምሯል።

ሥራውን ከሚያዝያ ጀምሩ። ሰኔ ላይ ክረምቱ ይገባል፣ ገቢዎች ቢሮም በግብር ከፋይ ይጨናነቃል። ክልል ጤና ቢሮ የሚያልቅ ጉዳይ ካላችሁ ደግሞ ከማርቆስ ባሕር ዳር በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን እንኳ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞከርም። መንገዱ በተዘጋ ሰሞን አንድ ፊርማ ስትጠብቁ ሳምንት ይሄዳል። ዞን ላይ ማለቅ የሚችለውን ዞን ላይ ጨርሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ስልክ ደውላችሁ «ባለሙያው አሉ?» በሉ። ይህን ምክር የምሰጠው ሁለት ጊዜ ስብሰባ ላይ ደርሼ ነው።

ከመደርደሪያው በፊት ሰው

ይህን ክፍል ሌላ መመሪያ ላይ አታገኙትም። እኔ ግን ከሁሉም በፊት አስቀድመዋለሁ።

ከመዝጋታችሁ ሁለት ወር በፊት በየወሩ የሚመጡ ደንበኞቻችሁን ጻፏቸው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱትን። ማርቆስ ከተማ ያለ ሰው ሌላ ቤት ያገኛል። ከገጠር በገበያ ቀን ብቻ የሚመጣው ሰው ግን ደጃችሁ ተዘግቶ ሲያገኘው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እስከሚቀጥለው ገበያም ይቀመጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ፌኖባርቢታል፣ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ይነሳል። አንድ አዛውንት ነበሩኝ፤ ለልጃቸው ነው የሚወስዱት። አንድ ሩብ ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ አሁን ከየት እንደሚገዙ ጽፌ ሰጠኋቸው። ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ወሰዷት። ለሁሉም እንዲህ አድርጉ። የሠላሳ ደቂቃ ሥራ ነው።

መደርደሪያውን ባዶ ማድረግ

መድኃኒት እንደ ስኳርና ዘይት ለጎረቤት ሱቅ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። ቆጠራውን ሁለት ሆናችሁ ሥሩት፤ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ። እኔና እህቴ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብናል። መብራት ስለጠፋ የሁለተኛውን ሌሊት ግማሽ በስልክ ባትሪ ነው የጨረስነው። ከመደርደሪያው ጀርባ የወደቁ 11 ጠርሙስ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ አገኘን። ሁሉም ጊዜያቸው ያለፈ፤ አቧራው እንደ ጋቢ ለብሷቸዋል። ያኔ በስቶክ ካርዴ ላይ ለምን ሁሌ እንደሚጎድሉ ገባኝ። አንድ ልጅ ጠርጥሬ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ዝርዝሩ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው፣ የባች ቁጥሩ (አብሮ የተመረተበት ዙር መለያ)፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ብዛቱና የተገዛበት ዋጋ ይግባ። ባች ቁጥሩን አትዝለሉት። ከዚያ በሦስት ክፈሉት።

ጊዜ ያለው፦ መጀመሪያ የገዛችሁበትን አከፋፋይ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ይመልሳል። ካልሆነ ፈቃድ ላለው ሌላ መድኃኒት ቤት በደረሰኝ አስተላልፉ። በደረሰኝ ነው ያልኩት። በዝምድና «ውሰደው፣ በኋላ እንተሳሰባለን» ካላችሁ ገቢዎች ላይ ያ ዕቃ አሁንም እጃችሁ ላይ ነው።

ጊዜው ያለፈና የተበላሸ፦ ለብቻው በካርቶን አሽጉ፣ ላዩ ላይ «ለሽያጭ የማይውል» ብላችሁ ጻፉ። እንዲወገድላችሁ ለጤና ቁጥጥሩ በደብዳቤ ጠይቁ። ጓሮ ማቃጠል፣ ወንዝ ዳር መጣል፣ ለቆሻሻ ጋሪ መስጠት አይሆንም። ማስወገዱ በባለሙያ ፊት ሲፈጸም ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የዚያን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ያዙ። ኪሳራውን ለገቢዎች የምታስረዱት በሱ ነው።

ልዩ ቁጥጥር ያለበት፦ ዲያዜፓም፣ ፌኖባርቢታልና መሰሎቻቸው። እነዚህ ጋ «አንድ ሁለት ፍሬ ቢጎድል ምን ይላል» የለም። መዝገቡ ላይ ያለው ቀሪና እጃችሁ ላይ ያለው ፍሬ በፍሬ መግጠም አለበት። የማዘዣ ወረቀቶቹን በወር በወር አስሩና ከመዝገቡ ጋር አስቀምጡ። ካልገጠመ ደግሞ ደብዳቤ ከማስገባታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። ቁጥጥሩ መጥቶ ከሚያገኘው ራሳችሁ አግኝታችሁ ብትናገሩ ይሻላል።

ደብዳቤው

መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ወይም ዞን ጤና መምሪያው ትሄዳላችሁ፤ የብቃት ማረጋገጫውን የሰጣችሁ የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ ራስጌ ላይ ተጽፏል። እዚህ ጋ አንድ ቃል ብዙ ያበላሻል። ማመልከቻ ጸሐፊዎች ደጅ ላይ ተቀምጠው «ፈቃዴ ይታገድልኝ» ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። መታገድ ቅጣት ነው! ጥፋት የተገኘበት ሰው ነው የሚታገደው። ከዓመታት በኋላ ፋይላችሁን የሚገልጥ ሰው «ታግዳ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው የሚያየው። «ይሰረዝልኝ» ደግሞ የሙያ ፈቃዱንም የሚጨምር ይመስላል። ለቤቱ «አገልግሎት ስላቆምኩ የብቃት ማረጋገጫውን መልሻለሁ»፣ ለራሳችሁ «ከዚህ ቀን ጀምሮ በዚህ ተቋም በኃላፊነት አልሠራም፤ የሙያ ፈቃዴ እንደጸና ነው» በሉ።

እኔ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦

ለ__________ ጤና ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የመድኃኒት መደብር አገልግሎት ማቆምን ስለማሳወቅ

ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ፣ በ__________ ከተማ ቀበሌ ____ በብቃት ማረጋገጫ ቁጥር ________ የሚታወቀውን መድኃኒት መደብር በግል ምክንያት ከሰኔ 30 ቀን ______ ዓ.ም ጀምሮ አገልግሎት ያቆምኩ መሆኔን እያሳወቅሁ፤

1. የብቃት ማረጋገጫውን ዋናውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ።
2. በእጄ የቀረ መድኃኒት አለመኖሩን የሚያሳይ የቆጠራ ዝርዝርና የማስወገድ ቃለ ጉባኤ ____ ገጽ አያይዣለሁ።
3. በሙያ ፈቃድ ቁጥር ________ የተሰጠኝ የግል የሙያ ፈቃድ እንደጸና ሆኖ፣ ከዚህ ተቋም የቴክኒክ ኃላፊነቴ የተነሳ መሆኑ በፋይሌ እንዲመዘገብልኝና ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

በሦስት ቅጂ ይሁን። አንዱ ለነሱ ነው። አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀንና ቁጥር ተመትቶበት የሚመለስላችሁ ነው። ሦስተኛው ለገቢዎች ነው። የመዝገብ ቤቱ ማኅተም የሌለበት ቅጂ ምንም አይደለም። ሰውየው «ግድ የለም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» ቢሏችሁ እንኳ ቆማችሁ አስመቱ። እሳቸው ቢዛወሩስ?

ከዚያ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ያያል። ታፔላው ወርዶ፣ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ማቀዝቀዣው ተከፍቶ ይጠብቀው። የማረጋገጫ ደብዳቤውን ሳትቀበሉ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ገቢዎች

እዚህ ጋ ታገሡ። የሚሰለቸውም፣ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው።

የተለመደው ስህተት ቤቱን ዘግቶ ዝም ማለት ነው። ሰው «ካልሸጥኩ ምን እከፍላለሁ?» ይላል። የቲን ነምበሩ ፋይል ግን ደጁ መዘጋቱን አያውቅም። ሒሳብ ማስታወቂያ ይጠብቃል። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የሚከፈል ታክስ ባይኖርም እንኳ ሳያስታውቁ ላሳለፉት ለእያንዳንዱ የታክስ ጊዜ 10,000 ብር ቅጣት አለ። የግል ነጋዴ ግብር በክልሉ ሕግ የሚታይ ስለሆነ የኛን ቁጥር ከቢሮው ጠይቁ። አካሄዱ ግን ይኸው ነው፤ ዝምታ ያስቀጣል። በተመዘገባችሁበት ነገር ላይ ለውጥ ሲኖር በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅም ግዴታ ነው። ቫት ያላችሁ ደግሞ ባዶም ቢሆን እስከ ስረዛው ቀን ድረስ ማስታወቃችሁን አታቁሙ።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጫ፣ የንግድ ፈቃዱ ዋና፣ የዓመቱ ሒሳብ፣ የመጨረሻ ቆጠራው፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ ያልተጠቀማችሁባቸው የደረሰኝ ጥራዞች፣ የካሽ ሬጅስተር ማሽን ካላችሁ የማሽኑ መዝገብ።

ደረሰኞቹን በቤት አታስቀሩ። ታትመው በስማችሁ የወጡ ናቸው፤ ቁጥራቸው ተመዝግቧል። አስረክባችሁ የሚመክኑበት ሰነድ ላይ ከቁጥር እስከ ቁጥር አስጽፉ።

ካሽ ሬጅስተሩ የራሱ ሥርዓት አለው። በመጨረሻው የሥራ ቀን የዕለቱን ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ መዝጊያ ወረቀት) አውጡ። ከዚያ ማሽኑን ሶኬቱን ነቅላችሁ ቁም ሳጥን ላይ አትወርውሩት። የሰርቪስ ድርጅቱ ቴክኒሻንና የገቢዎች ባለሙያ ባሉበት ማስታወሻው ይነበባል፣ ይፈረምበታል፣ ማሽኑ ከስማችሁ ይወርዳል። ውስጡ ያለውን ሲም ካርድ መስመርም አስቋርጡ። አንዲት የማውቃት ነጋዴ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰርቪስ ውል ዕዳ ተቆጥሮባት አግኝታዋለች። ማሽኑ ግን የልጆቿ መጫወቻ ሆኖ ነበር።

ሠራተኛ ካላችሁ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን፣ የደመወዝ ግብሯና የጡረታ መዋጮዋ እስከ መጨረሻው ወር ይከፈል፤ 11 ከመቶው ከእናንተ፣ 7 ከመቶው ከእሷ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አላት። የሥራ ስንብት ክፍያዋንም አስሉላት። ሰኔ 30 ልትዘጉ ከሆነ ደብዳቤዋ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይሰጣታል።

ሒሳቡ ኦዲት ሊደረግ ይችላል። ይጠብቁት እንጂ አይፍሩት። ተጣርቶ ሲያልቅ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ወረቀት፣ ይሰጣችኋል። ክሊራንሱ ላይ ሁለት ነገር አንብቡ። ስማችሁ እስከ አያት ትክክል መሆኑን፣ እና «ለንግድ ፈቃድ ስረዛ» መሆኑን። «ለዕድሳት» ብሎ የተጻፈ ክሊራንስ ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ተመልሻለሁ። ያው ሰውዬ ነው የጻፈው፣ ያው ሰውዬ ነው «አንብበሽው ብትወስጂ ምናለበት» ያለኝ።

ቲን ነምበራችሁ ራሱ አብሮ ይጠፋል ብላችሁ አትሥጉ። ለአንድ ሰው አንድ ነው። ነገ ደመወዝተኛ ብትሆኑ በሱው ነው። ሌላ ለማውጣት አትሞክሩ። የሒሳብ ሰነዱን ደግሞ ለዓመታት አስቀምጡ፤ አይጥ የማይደርስበት ቦታ።

ንግድ ጽሕፈት ቤት

ክሊራንሱ ከተያዘ ይህ አጭር ነው። ማመልከቻ፣ የንግድ ፈቃዱ ዋና፣ ክሊራንሱ፣ መታወቂያ። የስረዛ ደብዳቤ ትቀበላላችሁ። «ተመልሷል» የሚል ሳይሆን «ተሰርዟል» የሚል መሆኑን እዩ። እዚህ ጋ ስረዛ ትክክለኛው ቃል ነው። የንግድ ምዝገባውና ንግድ ፈቃዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ የትኛው እንደተሰረዘ ይገለጽ። ነገ በሌላ ሥራ ልትመለሱ የምታስቡ ከሆነ ምዝገባውን ለማቆየት ጠይቁ።

የሙያ ፈቃዱ ራሱ

አሁን ቤቱ ተዘግቷል። የቀረው በፋይል ውስጥ ያለችው የእናንተ ወረቀት ናት። ሥራ የለም ብላችሁ አትርሷት፤ የምታበቃበት ቀን ሥራ ላይ ሁኑ አትሁኑ አይጠይቅም። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ከስድስት ወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ ሙሉት።

ዕድሳቱ ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁላችንም ሲፒዲ የምንለው። መመሪያው በዓመት 30 ነጥብ ብሎ ነው የጀመረው። ሥራ ላይ ላለ ሰው ሆስፒታሉ ያሠለጥነዋል። ቤት ለተቀመጠ ሰው ማንም አይጠራውም። ነጥቡን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያዙ። መጨረሻ ላይ አከማችቶ በአንድ ሰሞን ለመጨረስ መሞከር ለኪስም ለጭንቅላትም አይሆንም። በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ስታገኙ ዕውቅና ያለው አካል የሰጠው መሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ፤ ሰርተፍኬቱ ቢያምርም ነጥብ የሌለው ሞልቷል። እኔ እናቴን እያስታመምኩ ማታ ማታ ነበር የምማረው። ኔትወርኩ በሠራ ቀን።

ውጭ ልትሄዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የጉድ ስታንዲንግ ደብዳቤ አውጡ። ፈቃዱ የጸና፣ ክስ የሌለበት ባለሙያ መሆናችሁን የሚገልጽ ነው። ለወንድም ወይም ለእህት ደግሞ ውክልና ስጡ። ውክልናው ላይ «ጉዳዬን ሁሉ» ብቻ አይበቃም። «የሙያ ፈቃዴን ለማሳደስ፣ ከጤና ቢሮ ደብዳቤ ለመቀበል» ተብሎ በስም ይጻፍ። እንዲህ ያልተጻፈ ውክልና ይዞ የመጣን ሰው ቢሮዎቹ ይመልሱታል።

እና አንድ ነገር። ፈቃዳችሁ ያለ ሥራ መቀመጡ ሲሰማ ሰው ይመጣል። ዘመድ ነው፣ የሠፈር ሰው ነው፣ የጥሩ ሰው ልጅ ነው። «ዝም ብሎ ከሚቀመጥ እኔ ቤት ይሰቀል፣ በየወሩ ይህን ያህል እልክልሻለሁ።» ላይሰንስ ማከራየት ይሉታል። እኔንም ሦስት ሰው ጠይቆኛል፤ አንዱ ማር ይዞ ነው የመጣው። ማሩን ተቀብዬ ፈቃዱን ከለከልኩት። እናንተ በሌላችሁበት ቤት አንድ ልጅ የተሳሳተ መድኃኒት ቢሰጠው የሚጠራው ግድግዳው ላይ ያለው ስም ነው። ለቤት ኪራይ የሚበቃ ብር በወር ቢሰጧችሁ እንኳ ሒሳቡ አይመታም።

ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ

ይህ አጭር ነው፤ እኔ ግን ስምንት ወር የከፈልኩበት እዚህ ላይ ነው።

ለባለቤቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ በቀን ስጡ፣ ቅጂው ላይ ያስፈርሙት። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይዛችሁ ስጡት፣ ምስክሮቹ ይፈርሙ። በዚያው ሳምንት ያንኑ ቅጂ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አስገቡ፤ ባለቤቱ ያሳውቅልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። እሱ ተተኪ እስኪያገኝ የእናንተ ስም ቢቆይለት ነው የሚወደው፤ በክፋት ላይሆን ይችላል፣ ግን ይወዳል። የልዩ ቁጥጥር መድኃኒቶቹን ቁልፍና መዝገብ በቆጠራ አስረክቡ። የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ስትወጡ ተቀበሉ፤ በኋላ ቤቱ ቢዘጋ ከማን ታወጡታላችሁ?

ማኅተማችሁንና ቲተራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ስም ያለበት ቲተር መሳቢያ ውስጥ ከቀረ እጅ ከቀረ አይተናነስም። የተሰቀለውን ቅጂ ራሳችሁ አውርዱት። ባዶውን ግድግዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቀኑ ይያዝላችኋል።

ስትመለሱ

መጀመሪያ የሙያ ፈቃዱ ቀኑ ያላለፈ መሆኑ ይታያል፣ ከዚያ ነጥቡ። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ቤት ተከራይቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ መደርደሪያ አሠርቶ ፈቃዱ ዕድሳት ላይ የቀረበት ጓደኛ አለኝ፤ የአምስት ወር ኪራይ ለባዶ ቤት ከፍሏል። ለቤቱ የብቃት ማረጋገጫ ግን እንደ አዲስ ትታያላችሁ። የድሮው ክፍል ስፋት ያኔ በቅቶ ከነበረ አሁንም ይበቃል ብላችሁ አትገምቱ፤ መስፈርቱንና መለኪያ ሜትር በእጃችሁ ይዛችሁ ነው ቤት የምታዩት።

የድሮዎቹን ደብዳቤዎች በአንድ ክላሰር አስቀምጡ፦ የጤና ማረጋገጫው፣ የማስወገድ ቃለ ጉባኤው፣ የደረሰኝ ማምከኛው፣ ክሊራንሱ፣ የስረዛ ደብዳቤው። የኔው ሰማያዊ ነው፤ የእናቴ አልጋ ራስጌ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ሰሞን ልመለስ አስቤ ይዤው ስሄድ ፋይሉን የያዙት እኚያው ሴትዮ ነበሩ። ገልጠው ገልጠው አዩና «አሁን ጎበዝ ሆነሻል» አሉኝ። ከዚያ አንድ የሲፒዲ ሰርተፍኬት ጎድሎኝ መለሱኝ።